እርስዎ ሞተዋል

ጥቅምት 9

ለታናሽ ወንድሜ፣

በኢሜይል የላክከው ሰላምታ ደርሶኛል። ከደብዳቤህ ግማሹ ሰላምታ፣ ሩቡ ይቅርታ ነው። በቀረችው ሩብ ላይ ጓደኞችህና አንተ የሠራችሁትን የተኩስ ጌም ሞክሬ የተሰማኝን በእውነት እንድጽፍልህ ጠይቀሃል። «አትራራልኝ» ብለሃል። ይህን ባትጽፈውም አልራራልህም ነበር። ይቅርታህን ግን ተቀብዬ ከሌሎቹ ይቅርታዎችህ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

ኮምፒውተሩን ያስቀመጥኩት አባባ የሚተኙበት ክፍል ነው። የኢንተርኔቱ ገመድ የሚገባው በዚያ ክፍል መስኮት ስለሆነ እንጂ እሳቸውን ላዝናና ብዬ አይደለም። አልጋቸው ከጀርባዬ ነው። የኦክስጅኑ ማሽን እያጉረመረመ እኔ ያንተን ወታደር አሯሩጣለሁ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዕድሜዬን ሙሉ ኮሌጅ ውስጥ የማሽን እንቅስቃሴ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ነገር ከቆመበት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያሳየው ክብደቱን ነው። ያንተ ወታደር ክብደት የለውም። ጠመንጃ፣ የብረት ቆብና ሙሉ ትጥቅ ተሸክሞ እንደ ላባ ብድግ ይላል። ሲሮጥ እግሩ ሌላ፣ ገላው ሌላ ነው፤ ሳሙና በፈሰሰበት ወለል ላይ እንደሚሮጥ ሰው እግሩ እየረገጠ ገላው ይንሸራተታል። ሲዘል ደግሞ አየር ላይ እንዳለ ሐሳቡን ይቀይራል። ወደ ቀኝ ዘሎ ወደ ግራ የሚያርፍ ሰው እስካሁን ያየሁት በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ላይ ብቻ ነው።

አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ ካልጻፍኩት ዋሽቼሃለሁ ማለት ነው። ከግድግዳ ጀርባ ሲያጎነብስ አጎነባበሱ የሰው ነው፤ ጉልበቱ የሚያመው ሰው ይመስላል። ይህን የሠራው ባልደረባህ ሰው አይቶ ያውቃል። አንተ እንዳልሆንክ እርግጥ ነው።

አባባም እያዩ ነበር። መንጃ ፈቃድ ፈታኝ ከሥራው ጡረታ ይወጣል እንጂ ፈታኝነቱ ጡረታ አይወጣም። ወታደሩ ቁልቁለቱን ሲንደረደር «ማርሽ ቀንስ! ማርሽ ቀንስ እኮ!» አሉኝ።

«አባባ፣ መኪና አይደለም፣ ሰው ነው።»

«ሰው ከሆነማ ጠጥቷል። ወድቋል፣ ሌላ ጊዜ ይምጣ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሌላም አለ። ተመትቼ ስወድቅ ስክሪኑ በትልልቅ ፊደል «ሞተዋል» ይለኛል። የምን አንቱታ ነው? ተደፍቼ አፈር ከላስኩ በኋላ ነው የምከበረው? ደግሞስ ማን ነው የሞተው? እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ትልቅ ሰው? ይህ የመርዶ ቃል ነው። ጮክ ብዬ ሳነበው አሸልበው የነበሩት አባባ «ማን?» ብለው በርግገው ነቁ። «ሞተሃል» በለኝና ገላግለኝ።

ስለ አባባ ጠይቀሃል። ደህና ናቸው።

ወንድምህ

ጥቅምት 15

ለጋሼ፣

እንደምን አለህልኝ? ደብዳቤህን ለባልደረቦቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አጎነባበሱን የሠራችው ልጅ «ጉልበቱ የሚያመው ሰው ይመስላል» የምትለዋን ቃልህን አትማ ጠረጴዛዋ ላይ ለጥፋለች። ሌሎቻችን አንገታችንን ደፍተን ወደ ሥራችን ተመለስን። ክብደቱን እናስተካክላለን፤ ልክ ነህ፣ እኔም ይሰማኝ ነበር፣ ግን የሚሰማኝን እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አንቱታው ለክብር አይደለም። የሚጫወተው ወንድ ይሁን ሴት ጌሙ አያውቅም። «ሞተሃል» ብንል ሴቶቹ ይቀየሙናል፣ «ሞተሻል» ብንል ወንዶቹ ያብዳሉ። አንቱ ሲባል ሁሉም ይታረቃል ብለን ነው።

እስካሁን ብቻህን ነው የሞከርከው። አሁን ከሌሎች ሰዎች ጋር በኢንተርኔት ግባና ፈትነው። ያንተን የመሰለ ደካማ መስመር ያለው ሌላ የማምነው ሰው የለኝም። አስቀድሜ አንድ ነገር ላስረዳህ፦ ሁላችሁን የሚያገናኘው ሰርቨር ካንተ ሩቅ ነው። ስለዚህ የሚያይህ አሁን ባለህበት ቦታ ሳይሆን ጥቂት ቀድሞ በነበርክበት ቦታ ነው። ከተደበቅክ በኋላ ብትሞት አትናደድ።

ጋሼ፣ «ደህና ናቸው» ማለት ምን ማለት ነው? ባለፈውም «ደህና ናቸው» ብለህ ነበር። ይበላሉ? ይቀመጣሉ? ስደውል አታነሳም። ጌሙ ለሕዝብ የሚከፈተው በኅዳር መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ከዚህ ንቅንቅ ማለት ይከብደኛል። ግን የሚያሰጋ ነገር ካለ ሁሉን ጥዬ እመጣለሁ፣ ሳላያቸው እንዳይሄዱብኝ። አንድ ቃል ጻፍልኝ፣ ይበቃኛል።

ታናሽህ

ጥቅምት 28

ለታናሽ ወንድሜ፣

ስልክ አላነሳም። ስልክ ላይ ሰው ሳያስብ ይናገራል፤ ሳያስብ የሚናገር ደግሞ ለቤተሰባችን አንተ ትበቃለህ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰው በሚበዛበት ሰዓት ገባሁ። ወታደሬ ሮጦ ሮጦ፣ ወገቡ ላይ ላስቲክ የታሰረበት ይመስል፣ ተመልሶ ከተነሳበት ቦታ ይገኛል። ፊት ለፊቴ የቆመ ሰው ላይ ጥይቴን ሁሉ ጨረስኩበት። ደሙ ይረጫል፤ ሰውዬው ግን ዝናብ እንደጣለበት ሰው ትከሻውን እንኳን አላነቃነቀም። ከዚያ ዞር ብሎ በአንዲት ጥይት ደፋኝ። የኔ ጥይት ሰርቨራችሁ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። መስመሬ ደካማ መሆኑን አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ደካማ መስመር ያለው ሰው ገብቶ እንዲገደል ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ለምን በሩ ላይ አትጽፉትም?

እንዳስጠነቀቅከኝም ሆነ። ግድግዳው ጀርባ ገብቼ፣ አጎንብሼ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ ሳበቃ «ሞተዋል» አለኝ። አሁንም አንቱ።

ማብራሪያህ በደንብ ገብቶኛል። ሰርቨሩ የሚያየኝ በነበርኩበት ቦታ ነው። አንተም አባባን የምታያቸው እንደዚያው ነው። አንተ ዘንድ አባባ እስካሁን የግቢው በር ላይ ቆመው፣ መኪና ወደኋላ ስታወጣ እጃቸውን እያወናጨፉ «ና፣ ና፣ መሪህን ስበር!» ይሉሃል። ሰውዬው ከዚያ ቦታ ከተነሱ ቆይተዋል። ያንተ መስመር ከኔም ይብሳል።

ይበላሉ ወይ ላልከው፦ ሲያጎርሷቸው ይበላሉ። ይቀመጣሉ ወይ ላልከው፦ ሲያስቀምጧቸው ይቀመጣሉ። ልምጣ ወይ ላልከው፦ ትልቅ ሰው ነህ፣ እግር አለህ። እንደ ወታደርህ የሚንሸራተት ይሁን እንጂ እግር ነው።

ወንድምህ

ኅዳር 14

ለታናሽ ወንድሜ፣

አዲሱን ቅጂ አይቻለሁ። ወታደሩ አሁን ከመሮጡ በፊት ገላውን ወደፊት ያዘነብላል፤ ሲቆምም አንድ እርምጃ ተርፎት ይቆማል። ተሻሽሏል። አየር ላይ ሐሳብ መቀየሩን ግን አልተወም። ላስቲኩም ረዘመ እንጂ አልተበጠሰም። እነዚህን ሁለቱን ሳታርሙ ለሕዝብ ብትከፍቱት የሚሰድባችሁ ብዙ ነው፤ እኔ የመጀመሪያው ነኝ።

በጌሙ ውስጥ ድምፅ መላላክ ስለሚቻል የጆሮ ማዳመጫውን ለአባባ እንዳደርግላቸው ጠይቀሃል። አላደረግኩላቸውም። ድምፅህ ተቆራርጦ ነው የሚመጣው። «አባ… አባ…» የሚል ነገር ቢሰሙ በር ላይ ሕፃን እያለቀሰ ነው ብለው ሊነሱ ይሞክራሉ። መነሳት ደግሞ የለባቸውም።

ለምን መነሳት እንደሌለባቸው ከመጠየቅህ በፊት፦ ሐኪሙ መጥቶ ነበር። የኦክስጅኑን ማሽን ወደ ትልቁ ቁጥር ከፍ አድርጎታል። ይህ ላንተ የመብራት ጉዳይ ነው። ማሽኑና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ ሲሠሩ መብራቱ ይወርድና ጌሙ ይቆማል። ይህንን ከጌሙ ድክመት አልቆጥረውም።

አክስታችን ከሰሞኑ እኛ ዘንድ ናት። ቤት ልታስተካክል ነው የመጣችው። ትናንት በበሩ ብቅ ብላ አየችኝና «አንተ ሽማግሌ፣ ትንሽ እንኳን አታፍርም? በዚህ ዕድሜህ ጠመንጃ ይዘህ ትሯሯጣለህ?» አለችኝ።

«የትንሹ ሥራ ነው» አልኳት። እሷና አባባ እስካሁን ትንሹ ነው የሚሉህ።

«ታዲያ እሱ ራሱ መጥቶ አይተኩስም?»

መልሱን ለአንተ ትቼዋለሁ፤ ካለህ ላክላት።

«ሞተዋል» አሁንም እዚያው ተገትሯል። መለመን ሰልችቶኛል። ካልቀየርከው ከእንግዲህ ሌላ ነገር አልጽፍልህም፤ እሷኑ አንዲት ቃል ብቻ እየጻፍኩ እልክልሃለሁ።

ወንድምህ

ኅዳር 27

ለታናሽ ወንድሜ፣

ሞተዋል።

ወንድምህ

ኅዳር 27

ለጋሼ፣

ወይ አንተ! እንዳልከው አደረግከው! ደብዳቤህን ስከፍት ሳቄ አፈነኝ። ባልደረቦቼን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ አንዱማ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። «ወንድምህ ሰው ነው ወይስ እሾህ?» አለኝ። ሁለቱም ነው አልኩት።

አሸንፈሃል፣ ጋሼ። ቃሏን ዛሬውኑ አውጥተን ጥለናታል። ከአሁን በኋላ ማንም «ሞተዋል» አይባልም፤ «ተመትተዋል» ነው የሚለው። አንቱታውን ግን ማርልኝ፣ ሴቶቹን አልችላቸውም።

ነገ እንከፍታለን። እንቅልፍ የሚባል ነገር ረስቻለሁ። ይህ ካለፈ በኋላ ያለ ምንም ሰበብ እመጣለሁ፤ ትኬቱን ማየት ጀምሬአለሁ። ለአባባ ንገርልኝ። ግንባራቸውን ሳምልኝ። አክስታችንንም መልሱን ራሴ ይዤላት እየመጣሁ ነው በላት።

ታውቃለህ? ሳትሰድበኝ የጻፍክልኝ የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህ ነው።

ታናሽህ

ታኅሣሥ 3

አክስታችን ደወለች። ሰላም እንኳን ሳትለኝ «አንተ ድንጋይ» አለችኝ። «ለአባትህ ቀብር ያልመጣህ ለማን ትመጣለህ?»

«የማን ቀብር?» አልኳት።

«ወንድምህ ጽፎልሃል እኮ» አለች። «እያለቀስኩ ‘ለትንሹ ንገረው’ ስለው ተቀምጦ ሲጽፍ ከጎኑ ቆሜ ነበር።»

ጋሼ፣ ሰው ሁሉ «አረፉ» ይላል። በመንገድ የሚያልፈው እንኳን «ማን አረፉ?» ብሎ ይጠይቃል። አንተ ይህን ቃል አጥተኸው ነው? ዕድሜህን ሙሉ የሰው ቃል ስታርም የኖርክ ሰው ነህ። አንተ ቃል አትሳሳትም። መርጠህ ነው የጻፍከው። እንደምስቅ እያወቅክ መርጠህ ነው የጻፍከው።

እሺ፣ ይሁን፣ እሱንም ልተወው። ግን ሳቄ ደረሰህ። አነበብከው። ግንባራቸውን ሳምልኝ ያልኩህን አነበብክ። ገና አልተቀበሩም ነበር፤ አንድ ሌሊት ነበረኝ፣ እደርስ ነበር። አንብበህ ዝም አልክ። አፈር ሲለብሱ እኔ በሰው ተከብቤ የጌሙን መክፈቻ ኬክ እየቆረስኩ ነበር።

ለምን? አንድ ምክንያት ስጠኝ።

ታኅሣሥ 9

ለታናሽ ወንድሜ፣

ክስህ በትክክል የተጻፈ ነው። ካየኋቸው ጽሑፎችህ ሁሉ የተሻለው ነው።

አዎ፣ መርጬ ነው። «አረፉ» ያላልኩት ስላላረፉ ነው። የሰው ደረት አየር ፍለጋ እንዴት እንደሚታገል ያየሁት እኔ ነኝ፤ ኬክ የቆረስከው አንተ ነህ። እኔ ያላየሁትን ዕረፍት አልጽፍም። አንድ ቃል ይበቃኛል ብለህ ነበር፤ አንድ ቃል ጻፍኩልህ። የተጻፈውም እውነት ነው፣ አጻጻፉም አልተሳሳተም።

ምክንያት ከፈለግክ እነሆ። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ጠርቼህ ነበር። ሁለቴም መጣህ፣ አባባም ሁለቴም አገገሙ። በሁለተኛው አውሮፕላን ማረፊያ ስሸኝህ ሻንጣህን እየጎተትክ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? እኔ አስታውሳለሁ። «ጋሼ፣ እንዲህ ስትጠራኝ ሥራዬ እየተበላሸ ነው። ከእንግዲህ እርግጠኛ ስትሆን ብቻ ጻፍልኝ።» ስትል አላፈርክም። ሰዓትህን እያየህ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እርግጠኛ እስክሆን ጠበቅኩ። ሐኪሙ ማሽኑን ከፍ ሲያደርግ እርግጠኛ አልነበርኩም። ምግብ ሲያቆሙ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ከዚያ በፊትም አቁመው ጀምረው ያውቃሉ። እርግጠኛ የሆንኩት ሐሙስ ጠዋት ነው። ጠዋቱኑ ጻፍኩልህ።

ሳቅህን አንብቤአለሁ። አክስታችን «ምን አለ?» ስትለኝ «አይመቸውም» አልኳት። ይህም ውሸት አልነበረም።

ጌምህ ተወዷል ይላሉ፤ እንኳን ደስ ያለህ። ላስቲኩ አሁንም አለ።

ወንድምህ

ታኅሣሥ 17

ጋሼ፣

ይህን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጽፈው። ከዚህ በኋላ ጋሼ የምለው ሰው የለኝም።

አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያልኩትን ብያለሁ። አልክድም። የደከመው ሰው አንድ ክፉ ቃል ተናገረ፤ አንተ ዓመት ሙሉ ስለህ ስለህ መለስክልኝ። ልዩነታችን ይህ ነው፣ ከዚህ በላይ አልከራከርህም። ወደዚያ ቤት አልመጣም። አንተ ያለህበት ክፍል ውስጥ አባቴን ማልቀስ አልችልም።

ካንተ የምፈልገው አንድ ነገር ቀርቷል፤ ካንተ በቀር የሚሰጠኝ ስለሌለ ነው የምለምንህ። የመጨረሻ ቀናቸውን ጻፍልኝ። የወታደሬን እግር ባየህበት ዓይን ጻፍልኝ። ምንም አትቀንስ፣ ምንም አትጨምር። ስለኔ ጠይቀው እንደሆነ ጻፈው። ሳይጠይቁኝ ሄደው እንደሆነም ጻፈው። የሚያሳምመኝን ብቻ መርጠህ እንዳትጽፍ፣ የሚያሳምመኝንም እንዳትዘል። ትክክለኛ ሰው ነኝ ካልክ አሁን ሁን።

ከጻፍክልኝ በኋላ መልስ አትጠብቅ።

ታኅሣሥ 30

ለታናሽ ወንድሜ፣

የጠየቅከውን እጽፋለሁ። ለመጻፍ ጊዜ የወሰደብኝ አንድ ነገር ልቀንስ ወይስ አልቀንስ እያልኩ ስለነበር ነው። አልቀነስኩም።

ረቡዕ ከሰዓት ነው። አክስታችን መድኃኒት ልትገዛ ወጥታለች። እኔ ከኮሌጅ ገብቼ ኮሪደሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ የአልጋው ብረት ሲንቋቋ ሰማሁ። በበሩ ክፍተት አየኋቸው። ሊነሱ ነበር።

ሁለት መዳፋቸውን ፍራሹ ላይ ተከሉ። ክርናቸው ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልታጠፈም። መጀመሪያ ደረታቸው ወደፊት ሄደ፣ ከዚያ ጭንቅላታቸው፤ ዳሌያቸው ግን ወደኋላ ቀረ። እንደዚያ ሆነው ቆዩ። ቀኝ እግራቸው ወለሉን የነካው በተረከዙ ሳይሆን በጣቶቹ ጫፍ ነው፣ ውሃ ይቀዘቅዝ እንደሆነ እንደሚሞክር ሰው። ግራው ተጎተተ እንጂ አልተነሳም። ቆሙ። የኦክስጅኑ ቱቦ ተወጥሮ ከአፍንጫቸው ወጣ፤ አላስተዋሉም። ግድግዳውን እየዳበሱ ኮምፒውተሩ ጋ ያለው ወንበር ላይ ደረሱና ተቀመጡ። ስክሪኑ ጥቁር ነበር። እሱን ይመለከቱ ጀመር።

ለምን ሮጬ እንዳልገባሁ ትጠይቀኛለህ። እንቅስቃሴያቸውን እያየሁ ነበር።

ከዚያ ገባሁ። የኮሪደሩ መብራት ከጀርባዬ ስለሆነ ፊቴ አይታያቸውም። ዞር ብለው አዩኝ።

«ትንሹ» አሉኝ።

ማረም ነበረብኝ። የሰው ስህተት አይቼ ሳላርም አልፌ አላውቅም።

«አቤት» አልኩ።

«መቼ መጣህ?»

«አሁን ገባሁ፣ አባባ።»

«ወንድምህ አይቶሃል?»

«አላየኝም።»

«በል በሩን ገርበብ አድርገው።» ገርበብ አደረግኩት። ቱቦውን መለስኩላቸውና አቅፌ ወደ አልጋው ወሰድኳቸው። እንዴት እንደቀለሉ ልነግርህ አልችልም፤ ክብደት አልነበራቸውም። እጄን አልለቀቁኝም። ከኔ ጋር እንዲህ እጅ ይዘው አያውቁም፤ በእጄ ምን እንደሚደረግበት ጠፍቶኝ ዝም ብዬ ሰጠኋቸው።

«እሱ ሲገባ እኮ ዓይኔን እጨፍናለሁ» አሉኝ፣ ምስጢር እንደሚያወራ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የተኛሁ ሲመስለው ይወጣል።» ከዚያ ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረባቸው። ውሃ አቀመስኳቸው።

«ለምን ይጨፍናሉ?» አልኳቸው።

«ሁሉን ያደርግልኛል፤ እግዜር ይስጠው። ያጥበኛል፣ ያጎርሰኛል። ግን ሲያየኝ እየፈተነኝ ነው፣ ልጄ። ስንት ሰው ፈትኜ የጣልኩ ሰው፣ በእርጅናዬ አንድ ቀን እንኳን አላለፍኩለትም።»

ከዚያ አንገቴን ሳብ አድርገው ግንባሬን ሳሙኝ። «ቆየህብኝ» አሉ። «ግን መጣህ።»

ያ ያንተ ነው። እንደተቀበልኩት ልኬልሃለሁ። ስለዚህ ለጥያቄህ መልሱ፦ ጠይቀውሃል፣ አግኝተውሃልም። አንተን ሳያዩ አልሄዱም። ከዚህ ቤት ሌላ የምልክልህ ነገር የለኝም።

የቀረውን የምጽፈው አትዝለል ስላልከኝ ነው። ብርድ ልብሱን አልብሻቸው ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ጫማዬን መልሼ አደረግኩ፤ ሳል ብዬ፣ እንደ ወትሮዬ መሬቱን ረገጥ ረገጥ እያደረግኩ ወደ በሩ ተመለስኩ። በሩን ከፍቼ ስገባ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ አየሁ።

ወንድምህ